በፈረንጅ ነው በእኛ?

እድራችን ኮምፒውተር ከገዛ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። «ኪቶ ፉርዲሳ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የተማረ ልጅ አለን» ተባለ፣ በቃ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እኔ፣ የአንዱ አባት ስልክ ሲሞላ እኔ። ባለፈው ደግሞ የድንኳኑ ዚፕ ተበላሽቶ ተደወለልኝ። «ዚፕ ታውቃለህ ሲሉ ሰምቼ» አሉኝ።

ያለፈው እሑድ ግን የጠሩኝ ለደህና ጉዳይ ነበር። የ2016ን 13 ቃለ ጉባኤ በቀን ቅደም ተከተል ለኦዲተር ማቅረብ ፈልገው፣ የሁሉም ፋይል ቀን ጃንዋሪ 1፣ 2009 ሆነባቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ሞታለች። ጅማ ዘነበ ማለት መብራት ሄደ ማለት ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ የሚጻፈው ፋይልም ያንኑ ቀን ይይዛል።

ቃለ ጉባኤዎቹ ያሉበትን ፍላሽ ስከፍት ሾርትከት ብቻ! ሕትመት ቤት ደርሶ ቫይረስ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። የተደበቀ ፋይል የሚገልጠውን የዊንዶውስ ትእዛዝ፣ «አትሪብ ማይነስ ኤች» ብቻ ብትሉት እምቢ ይላል፤ ቫይረሱ ፎልደሮቹን ከመደበቅ አልፎ የሲስተም ምልክት ለጥፎባቸዋልና ማይነስ ኤስም አብሮ መግባት አለበት። ስላሽ ኤስ ውስጥ ድረስ እንዲወርድ፣ ስላሽ ዲ ፎልደሮቹን ራሳቸውን እንዲነካ። ፎልደሮቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ኮሚቴው አጨበጨበ። የጠፋሁት ያኔ ነው።

አትሪብ ቀን አይቀይርም። ፋይሎቹን ሊኑክስ ወዳለው ላፕቶፔ ገልብጬ የፋይል ቀን በሚቀይረው ትእዛዝ፣ በ«ተች ሰረዝ ቲ» ጀመርኩ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሁሉም ያለ ክፍተት። እድራችን በየወሩ በ30 ከቀኑ 9 ሰዓት ይሰበሰባል። ጸሐፊው ከመዝገቡ ያነባሉ፣ እኔ እመታለሁ። መስከረም 30፣ 201601300900፣ ገባ። ጥቅምት 30፣ እምቢ! 29 አደረግሁት፣ ገባ። «አንድ ቀን ምንም አይደል» አልኩ። ከኅዳር እስከ ነሐሴ ውሃ ሆኖ ፈሰሰ።

ጳጉሜ 5 ላይ ቆመ። 201613050900፣ «ልክ ያልሆነ ቀን»። 4 አልኩት፣ እምቢ። 3፣ እምቢ። ጳጉሜን ጭራሽ ካደ! የ13 ወር ጸጋ ባለቤቶች ፊት ተቀምጬ አንድ ትእዛዝ ዓመታዊ ሒሳባችንን፣ የቅዱስ ሩፋኤልን ጠበል፣ የዓመት በዓል ዶሮ የሚገዛበትን ሳምንት በሙሉ የለም አለኝ። ላቤ መጣ። «ፋይሉ ቫይረስ አለበት» አልኩ፤ ለሁሉም የምንለውን።

ገንዘብ ያዥዋ እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፦

«የኔ ልጅ፣ ይሄ 2016 በፈረንጅ ነው በእኛ?»

ፀጥ አልኩ። ከኋላ አንዱ «የፈረንጅ አራዳ ሰፈር ልጅ አይደል፣ በሰፈሩ ቆጥሮ ነው» አለ። ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ትእዛዙ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም በ24። ጥቅምት 30 የተጣለው ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ነው፤ 29 የገባው ደግሞ የፈረንጁ 2016 ሠግር ዓመት ስለሆነ፣ ዕድሌ! ትክክለኛው ለጥቅምት 202311101500፣ ለጳጉሜ 202409101500 ነበር። የሚያናድደኝ የጣላቸው ሁለቱ አይደሉም፤ ያለ አንዳች ቃል የተቀበላቸው 11ዱ ናቸው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ወደ ኋላ ስወስዳቸው «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ አላለኝም።

ሁሉንም አርሜ ወደ ፍላሹ ስመልስ ደግሞ መገልበጫው ትእዛዝ «ሲፒ» ላይ ቀኑን እንዳለ የሚያቆየውን ሰረዝ ፒን ረሳሁ፤ 13ቱም የዚያችን ደቂቃ ቀን ይዘው ቁጭ። መልሼ ገለበጥኩ። ድሮም ቀኑን የፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ነበር፤ ስም በመገልበጥ አይቀየርም። ላፕቶፔ ላይ ደግሞ ተች የማይደርስበት ሌላ ቀን አለ፤ «ስታት» ስትሉ ፋይሉ የተነካካበትን ትክክለኛ ሰዓት ያወጣዋል። ኀፍረቴን ያረምኩባት ደቂቃ፣ ሰከንዷ ወደ ዘጠኝ አሃዝ ተሸንሽና፣ እዚያ ተቀምጣለች።

ረቡዕ ለቅሶ ቤት አንድ እንግዳ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። «9 ሰዓት» አልኩ፣ በትሕትና።

ከጀበናው በኩል፦ «በፈረንጅ ነው በእኛ?»