ከጋዝ መለኪያው ባሻገር፦ በዝግ ቦታ የሚያጋጥሙ ሜካኒካዊ አደጋዎችን መለየት እየተማርኩ ነው

በታንክ፣ በሳይሎ (እንደ እህል ያለ ነገር በሚከማችበት ረጅም ጎተራ) እና በመሳሰሉት ጠባብና ዝግ ቦታዎች የሚከናወን ጥገናን በተመለከተ የደኅንነት ሥልጠና ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐሳቤ ሁሉ ጋዝ መለኪያው ላይ ነበር፤ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ አለመውረዱንና ከ23.5 በመቶ አለመብለጡን፣ ተቀጣጣይና መርዛማ ጋዝም አለመኖሩን ካየሁ ለመግባት የሚያግድ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ወር በአንድ የማደባለቂያ ታንክ ላይ ስንለማመድ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ማቋረጫው ተቆልፏል፣ የማስጠንቀቂያ ካርድም ተንጠልጥሎበታል፤ ማስነሻው ተሞክሮም ሞተሩ አልተነሣም። አሠልጣኛችን ግን ከመግቢያው ውጭ ሆነው የማማሰያውን አንድ ክንፍ በረጅም እንጨት ገፋ ሲያደርጉት ዘንጉ ዞረ፤ ቅሪት የጋገረበት ከባዱ ክንፍም በራሱ ክብደት ወደ ታች ወረደ። ያን ክንፍ መወጣጫ አድርጎ የሚረግጥ ሰው እግሩ በክንፉና በታንኩ ግድግዳ መካከል ሊያዝ እንደሚችል በዓይኔ አየሁ። ኤሌክትሪክ መቋረጡ የስበትን ኃይል፣ የታመቀ አየርን፣ የሃይድሮሊክ (የታመቀ ፈሳሽ) ግፊትንም ሆነ የተወጠረ ስፕሪንግን አያስቆምም። ከዚያ ወዲህ ዘንጉ እንዳይዞር በአካል መታገዱንና የታመቀው ግፊት መለቀቁን ሳላረጋግጥ አላልፍም።

የሳይሎው ትምህርት ደግሞ እጅግ አስደንግጦኛል። ከላይ ሲታይ ጠንካራ ወለል የሚመስለው እህል ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሲረግጠው ይደረመሳል። ከታች እየተለቀቀ ያለ እህል ሰውን በሰከንዶች ውስጥ ወደ ውስጥ ይስባል፣ እስከ ጉልበት የተቀበረም ያለ ረዳት ለመውጣት ይቸገራል።

እርጥብ በሆነ የብረት ታንክ ውስጥ የእጅ መብራት ዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ 12 ወይም 24 ቮልት፣ እንዲሆንና ቮልቴጁን የሚቀንሰው ትራንስፎርመርም ውጭ እንዲቀመጥ ተምረናል። ጫጫታውም ችላ የሚባል አይደለም፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ስለሚያስተጋባ ውጭ የቆመው ጠባቂ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ላይሰማ ይችላል።

አሁንም የሚከብደኝ ከውጭ ሊገባ የሚችለውን ነገር አስቀድሞ ማሰብ ነው። የተዘጋ ቫልቭ ሊያሾልክ፣ ሳያውቅ ሌላ ሰው ሊከፍተው ስለሚችል፣ ቱቦውን መፍታት ወይም በፍላንጆቹ (የቱቦ ጫፎች በብሎን በሚጋጠሙባቸው ቀለበቶች) መካከል ድፍን የብረት ሳህን ማስገባት የተሻለ ዋስትና ይሰጣል። ለልምምድ ያህል ከመግባታችን በፊት ታንኩን በወረቀት ላይ እሥልና ወደ እሱ የሚመጣውን ቱቦና የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ሁሉ ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያም ከዋናው ንድፍ ጋር አስተያየዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ያመለጠኝ አንድ ብቻ ነበር፦ ከላይ የሚገባው የማጠቢያ ውኃ መስመር።