ደሴ ተቀምጦ የስፔንን ሰማይ መጠበቅ

ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስለጨረስኩት ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስለሚያወጣው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ የጠበቅኩት ብቻ ከበረራው ይበልጣልና። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» እያለ አራት ሰው ጫነ። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር ጉም ወርዶ ስለነበር ያየሁት ነገር ቢኖር የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራትና በመስኮቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ነው።

ከደሴ መናኸሪያ እስከ ፔንሲዮኑ ባጃጁ 300 ብር ተቀበለኝ። የፔንሲዮኑ ልጅ ትክክለኛው ዋጋ 100 ብር እንደሆነ በነገረችኝ ጊዜ ባጃጁ ገና ከበሩ አልራቀም ነበር። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የወጣ 200 ብር እንቅልፍ ይነሳኛል። አዲስ አበባ የሚያታልለኝ ሰው ቢያንስ ፊቱን አይፈታልኝም፤ የደሴው ግን «እንኳን ደህና መጣህ የኔ ጌታ» ብሎ፣ ሻንጣዬን በራሱ አውርዶ፣ ጤና ተመኝቶልኝ ነው የሄደው። በዚያ ላይ በፔንሲዮኑ ውሃ የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ ሠራተኞቹ በርሜል ሲሞሉ አድረዋል፤ ብርዱም ሁለት ብርድ ልብስ አላስመልጥ ብሎኛል።

የመጣሁት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጄና አራት የቀድሞ ተማሪዎቹ ማታ ማታ የሚሠሩትን ለማየት ነው። ሥራቸው ወደ መሬት የሚቀርቡ አስትሮይዶችን፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ የሰማይ ድንጋዮችን፣ መከታተል ነው። ደመወዝ የላቸውም፤ ቴሌስኮፕም የላቸውም። ቴሌስኮፑ ያለው በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ ኔርፒዮ የምትባል መንደር አጠገብ ካለ ተራራ ላይ ነው፤ በደቂቃ ሒሳብ ይከራያል፣ ኪራዩንም ውጭ አገር የሚኖር የመምህሩ የአጎት ልጅ በካርዱ ይከፍላል። ቤቱ ስደርስ የጦሳ ተራራ ከነአናቱ በደመና ተሸፍኖ ስለነበር «ዛሬማ የሚሆን አይመስለኝም» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «የእኛ ሰማይ ምን ያደርግልናል? ኔርፒዮ ጠርቷል!» አለኝ። ሰማይ አያለሁ ብዬ መጥቼ ሁለቱንም ሌሊት ጣሪያ ሥር አሳለፍኩ ማለት ነው።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ የሚገኘው ማይነር ፕላኔት ሴንተር የዓለምን የአስትሮይድ ልኬቶች ሁሉ ይሰበስባል። ትልልቆቹ የአሰሳ ቴሌስኮፖች አዲስ የሚመስል ነገር ባዩ ቁጥር ማዕከሉ ማረጋገጫ በሚጠባበቁ ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያም ሆነ አማተር፣ ቴሌስኮፕ ማዞር የሚችል ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ፈልጎ ቦታውን ለክቶ እንዲልክ ይጠበቃል። ቶሎ ካልተለካ የሚገኝበት ቦታ ግምት በየሰዓቱ እየሰፋ ይሄድና ይጠፋል። የአማተሮች ድርሻ ለይምሰል አለመሆኑን ለማወቅ እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 ከመሬት ገጽ 27,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለፈውን ዱየንዴ የተባለ አስትሮይድ ማስታወስ ይበቃል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ያገኙት በስፔን የላ ሳግራ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) አማተሮች ናቸው።

ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛው ይበልጥ የጣመኝ የስም አሰጣጡ ነው። አምና ያስጨነቀንን 2024 ዋይአር4 የተባለውን አስትሮይድ እንውሰድ። «ዋይ» የዲሴምበርን ሁለተኛ አጋማሽ ያመለክታል፤ «አር4» ደግሞ በዚያ ግማሽ ወር የተመዘገበ 117ኛው ግኝት ማለት ነው። ስም ሳይሆን የቫውቸር ቁጥር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ ድንጋይ በደሴም ብዙ አነጋግሯል። ቺሊ የሚገኝ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 27 ቀን 2024 አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2032 መሬትን የመምታት ዕድሉም እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2025 ላይ 3.1 በመቶ ደረሰ። ሊወድቅበት ይችላል በተባለው መስመር ላይ ከተዘረዘሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ በቀናት ውስጥ ዕድሉ ወደ ዜሮ ወረደ። ብዙ ሰው ይህን የሰማው «መጀመሪያ አስፈራሩን፣ ኋላ ዋሹን» ብሎ ነው፤ እኔም ከዚያው ወገን ነበርኩ። መምህሩ በግቢው ያለውን የልብስ ማስጫ ገመድ አሳየኝ። ድንጋዩ በዚያ ቀን ሊገኝበት የሚችለው ቦታ እንደዚህ ረጅም ገመድ ነው፤ መሬት በገመዱ ላይ ያረፈች ወፍ ናት። ልኬት በተጨመረ ቁጥር ገመዱ ከጫፍና ከጫፉ ይቆረጣል፤ ወፏ አሁንም ከላዩ ካለች ካጠረው ገመድ የምትይዘው ድርሻ ይበልጣል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይጨምራል። የመጨረሻው ቁራጭ ወፏን አልፎ የተቆረጠ ዕለት ግን ድርሻዋ ዜሮ ነው። የዋሸ ሰው አልነበረም፤ ሒሳቡ ገና አልተዘጋም ነበር።

በመጀመሪያው ሌሊት ጥፋቱ የእኔ ነበር። መምህሩ ከዝርዝሩ አንድ ድንጋይ መርጦ፣ ሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚገኝበትን ቦታ አስልቶ፣ ቴሌስኮፑን የማዘዙን ነገር «አንተ ቁጥር ታውቃለህ» ብሎ ለእኔ ተወልኝ። ማዘዣው የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት ሦስት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሰባት ላይ ሦስት ቀንሼ 4 ሰዓት ብዬ ሞላሁ። ሦስት የሚቀነሰው ግን ከፈረንጆቹ አቆጣጠር ላይ ነው፤ በሐበሻ ሰዓት ላይ ሦስት ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ትክክለኛው ከምሽቱ አሥር፣ ማለትም 22 ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት አዘገየሁት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ምስል አልመጣም። ኢንተርኔቱን ጠረጠርን፤ ወዲያው መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥርጣሬያችን ሁሉ ወደ መብራቱ ዞረ። ታች ቤት የሚኖሩት እማማ ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ድምፃችንን ሰምተው ኖሮ የከሰል ምድጃቸውን ከነጀበናው ይዘው ወጡ። ከመሐል አንዱን ልጅ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው እስካሁን የማትተኙ?» ብለው ጠየቁት። «እማማ፣ ድንጋይ ነው የምንፈልገው» አላቸው። «ድንጋይ! ጦሳ ሙሉ ድንጋይ እያለላችሁ!» ብለው ሳቁ፤ ቀጥለውም «አብሽሩ፣ ይገኛል» አሉና እስከ በረካ ድረስ ሳያጠጡን አልወረዱም። ለእኔ በተለይ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። አዲስ አበባ፣ እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ ከጎኔ ያለውን በር የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም እንደማልፈልግ አስብ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምስሎቹ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። ሠላሳውም ላይ ከዋክብት ብቻ ነበሩ። ድንጋዩ በደቂቃ ስድስት ያህል የቅስት ሰከንድ (አንዱ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ይጓዝ ስለነበር በስድስት ሰዓት ውስጥ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት የሚበልጥ ርቀት ሄዷል፤ ቴሌስኮፑም የታዘዘውን አክብሮ ድንጋዩ የነበረበትን ባዶ ቦታ በጥንቃቄ አንስቶልናል። አንደኛው ልጅ ማዘዣውን ከፍቶ ካየ በኋላ «ቲቸር፣ በሐበሻ ሰዓት ነው የተቀነሰው» አለ እንጂ ወደ እኔ አልዞረም። የባከነው ኪራይ የፔንሲዮኑን አልጋ ሦስት ሌሊት ይከፍላል። ስለ ባጃጁ 200 ብር ማውራት ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው።

ቀኑን ከተማ ስዞር ዋልኩ። አይጠየፍ አዳራሽን አየሁ፤ ፒያሳ ምሳ በላሁ፤ ስለ ምሳው የሚባል ነገር የለም። መምህሩ በመንገድ ያጫወተኝ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ደሴ ስሟን ያገኘችው፣ እንደሚባለው፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በአካባቢው ሰፍረው ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1882 ጅራታም ኮከብ አይተው፣ ተደንቀው፣ ቦታውን «ደስታዬ» ለማለት «ደሴ» ብለው በመሰየማቸው ነው። የዚያ ዓመት ጅራታም ኮከብ በቀን ብርሃን ጭምር የታየ ነበር። በዚያው ሰሞን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ኦብዘርቫቶሪ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዴቪድ ጊል ያንኑ ኮከብ ፎቶ ሲያነሳ ከጀርባው በርካታ ከዋክብት አብረው ወጡለት፤ ሰማይን በፎቶግራፍ መመዝገብ ይቻላል የሚለው ሐሳብ በዚህ ተጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ማክስ ቮልፍ በፎቶ የተገኘውን የመጀመሪያ አስትሮይድ አገኘ። የእኛ ልጆች በላፕቶፕ የሚሠሩት ሥራ ቀጥታ ከዚያ የወረደ ነው። ንጉሠ ነገሥቱና ጊል በአንድ ኮከብ ሥር ቆመው ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ከተማ ሰየሙ፣ ሌላው ከዋክብት ቆጠረ።

በሁለተኛው ሌሊት ማዘዣውን ልጆቹ ሞሉት። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በስፔኑ ማሽን 21 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ ሰከንድ የተነሱ ሠላሳ ምስሎች ወረዱ። አንዱን ብቻ ሲያዩት ምንም የለም፤ እንደ ተበጠረ ጤፍ ከዋክብት ብቻ ነው። አስትሮሜትሪካ የሚባለው ፕሮግራም ግን ምስሎቹን በድንጋዩ ፍጥነትና አቅጣጫ ልክ እያንሸራተተ ይደርባቸዋል። ሲደርባቸው እያንዳንዱ ኮከብ ተጎትቶ አጭር መስመር ሆነ፤ ስክሪኑ ሁሉ እንደ ዝናብ በአንድ አቅጣጫ ተሰመረ። ከመስመሮቹ መሐል አንዲት ደብዛዛ ነጥብ፣ ሳትጎተት፣ ነጥብ ሆና ቀረች። ለደቂቃ ያህል የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንዷ ተማሪ «ናት» አለች።

ልኬቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ምስሎቹን በሦስት ከፍለው ሦስት ቦታና ሦስት ሰዓት አወጡ። ከቦታው ይልቅ የተጨነቁት ለሰዓቱ ነው፤ በዚያ ፍጥነት የአሥር ሰከንድ የሰዓት ስህተት ድንጋዩን አንድ የቅስት ሰከንድ ያሸሸዋል፣ ይህም ለእነሱ ትልቅ ጉድለት ነው። የማንም ሒሳብ ሲገጥም አይቼ የማላውቀውን ደስታ ፊታቸው ላይ አየሁ፤ የሦስቱም ልኬት ከተሰላው ምህዋር ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ የቅስት ሰከንድ በታች ነበር። ሪፖርቱን የቴሌስኮፑን ኮድና የለኪዎቹን ስም አስፍረው ላኩ። የእኔንም ስም እንጨምር ሲሉ አልፈቀድኩም።

በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ጠርቶ ነበር፤ የቦርከናን ሜዳ እስከ ሩቅ አየሁት። እስከ መናኸሪያ ያደረሰኝ ባጃጅ 100 ብር ጠየቀኝ፤ እኔም 100 ሰጠሁት። የእማማን ጋቢ ሳልመልስ ይዤው መምጣቴን ያወቅኩት ኤርፖርቱ ፍተሻ ላይ ነው፤ ደውዬ ብነግረው መምህሩ «ለአፖፊስ ተመልሰህ ስትመጣ ታመጣዋለህ» አለኝ። አፖፊስ ወርዱ ከ300 ሜትር በላይ የሆነ አስትሮይድ ነው፤ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲያልፍ ከአፍሪካ በዓይን ይታያል፤ ኪራይም ቴሌስኮፕም አይጠይቅም።

ልሳፈር ስል ከመምህሩ መልእክት ገባ። ድንጋዩ ተረጋግጦ መለያ ቁጥሩን አግኝቷል፤ ማዕከሉ ይፋ ያደረገው 4 ሰዓት ላይ ነው ይላል።

«በማን ሰዓት?» ብዬ መለስኩለት።