ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ሰው መፈለግ

ዱባይ ውስጥ ድርጅት ለሚያቋቁሙ ሰዎች ጉዳይ በሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት፣ ኮምፕላያንስ ክፍል ነው የምሠራው። የደንበኛውን ማንነትና የገንዘቡን ምንጭ አጣርቼ ፋይል አደራጃለሁ። ብዙዎቹ ፋይሎች የኦፍሾር ድርጅቶች ናቸው፤ እዚሁ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በጀበል ዓሊ፣ በራስ አል ኸይማ ወይም በካሪቢያን ባሕር ባሉት ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገቡ፣ የራሳቸው ቢሮ የሌላቸው፣ በወኪል አድራሻ የሚንቀሳቀሱ። እንዲህ ያለ ድርጅት መክፈት በራሱ ወንጀል አይደለም። በተለያየ አገር የሚኖሩ ሸሪኮች አንድ ሕንፃ በጋራ ሲገዙ በጣም ይጠቅማል። ጣጣው ለረጅም ጊዜ ዋናው ገበያ ስም መደበቅ የነበረ መሆኑ ነው።

ያ ገበያ እየጠበበ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሞሳክ ፎንሴካ ከተባለው የፓናማ የሕግ ቢሮ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ አፈትልኮ ወጣ፤ ቢሮው በ2018 ተዘጋ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ አገሮች የውጭ ነዋሪዎችን የባንክ ሒሳብ መረጃ በየዓመቱ መለዋወጥ ጀመሩ። ኤምሬትስ በ2020 ድርጅቶች የመጨረሻ ባለቤታቸውን፣ ማለትም ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን እውነተኛ ሰው፣ እንዲያስመዘግቡ ደነገገች። በማርች 2022 ደግሞ ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል፣ ፋትፍ፣ አገሪቱን ግራጫ ዝርዝር ውስጥ፣ ማለትም ቁጥጥራቸው ጉድለት አለበት ተብሎ በቅርብ ከሚከታተላቸው አገሮች ተርታ፣ አስገባት። ያን ጊዜ እኛ ጋ የቆየ ፋይል ሁሉ እንደ አዲስ ተከፈተ።

ሥራውን የያዝኩት በአንድ ነጭ ወረቀት ነው። ድርጅቱን ከታች እጽፋለሁ፤ ባለአክሲዮኖቹን ከላዩ፣ የእነሱን ባለቤቶች ደግሞ ከዚያ በላይ፣ በሕይወት ያለ ሰው ላይ እስክደርስ። ደንቡ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ያለውን ሰው መዝግቡ ይላል። ግን በመቶኛ ብቻ የሚሄድ ሰው ይሳሳታል። አንድ ፋይል ላይ የድርጅቱን 40 በመቶ የያዘው የቨርጂን ደሴቶች ኩባንያ ነበር፤ የዚያን ኩባንያ ግማሽ የያዘው አንድ ሰው ነው። ሲባዛ 20 በመቶ ይሆናል፤ ከመስመሩ በታች ነው። መተዳደሪያ ደንቡን ገጽ በገጽ ሳነብ ግን አብዛኞቹን ዳይሬክተሮች የመሾምና የመሻር መብት የእሱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በሕጉ ይህ ቁጥጥር ነው፤ ባለቤት ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ከአክሲዮን የምስክር ወረቀቱ በፊት መተዳደሪያ ደንቡንና ውክልናዎቹን ነው የማነበው።

ልቤን የሚይዙት ግን የአገሬ ሰዎች ፋይሎች ናቸው። ንጹሕ ነጋዴ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ለባንክ ሰው እንግዳ ስለሚሆን ብቻ የሚጉላላ አለ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወሰድና አባትና ልጅ ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ከንግድ ፈቃዱ ይለያል። ፈቃዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከተጻፈ ደግሞ የዛሬ ሰባት ዓመት ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። አሁን ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዛለሁ፤ ትርጉሙ ላይም ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን እንዲጻፉ አደርጋለሁ። የባንኩ ሰው ጥያቄውን ከመጠየቁ በፊት መልሱን ያገኘዋል።

የገንዘብ ምንጭ ሲጠየቅ ብዙው ሰው «ነግጄ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። መነሻው ዕቁብ የሆነ ደንበኛ አስተናግጄ አውቃለሁ። ዕቁብን የማያውቅ ባንክ የምን ገንዘብ እንደሆነ ሊገባው አይችልም። የዕቁቡን ውስጠ ደንብ፣ ጸሐፊው የያዘውን መዝገብ ቅጂ፣ ዳኛው የፈረመውን ማረጋገጫ አስመጣን፤ ዕጣው የወጣበት ሰሞን ባንክ ከገባው ገንዘብ ጋር ገጠመ። ባንኩም ተቀበለው። እኔ የዕቁብ መዝገብ ከብዙ የተዋቡ የሒሳብ መግለጫዎች የበለጠ እምነት ይሰጠኛል፤ እያንዳንዱ ክፍያ ሰው አለው። ኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ግን ከሁሉ በፊት የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሪ ደንብ ይመልከት። እዚህ የተፈቀደ ሁሉ እዚያ አይፈቀድም።

ደንቡ ዛሬም ይለዋወጣል። ኤምሬትስ በፌብሩዋሪ 2024 ከግራጫው ዝርዝር ወጣች፤ ቨርጂን ደሴቶች በጁን 2025 ገባች። ግብር የለም ይባልባት የነበረችው ኤምሬትስ ከጁን 2023 ጀምሮ ከ375,000 ድርሃም በላይ በሆነ የድርጅት ትርፍ ላይ 9 በመቶ ታስከፍላለች፤ ፍሪ ዞን (ነጻ የንግድ ቀጠና) ውስጥ ያሉት የዜሮ በመቶውን ግብር የሚያገኙት መስፈርቱን ሲያሟሉ ነው። በአውሮፓ ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2022 የባለቤቶች መዝገብ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆኑን ሻረ። የግል ሕይወት መከበር አለበት፤ ሆኖም የተዘረፈ የሕዝብ ገንዘብ የሚከታተል ጋዜጠኛ መዝገቡን ማየት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ስሙ የትም እንዳይታይ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ እንደማይቻል በመጀመሪያው ቀን እነግረዋለሁ። የተስማማውን ደግሞ አንድ ነገር አስፈርመዋለሁ፦ አክሲዮን ቢሸጥ፣ ቢያወርስ ወይም ውክልና ቢሰጥ ወዲያው ሊያሳውቀን። የባለቤትነት ለውጥ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሕጉ የሚሰጠው 15 ቀን ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰነድ ደግሞ ውጭ ጉዳይና ኤምባሲ አልፎ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል።