የሸዋ ቀን መስሎኝ

ፋሲካን ከተሳላሚዎች ጋር ኢየሩሳሌም አከበርኩ። ዴር ሡልጣን ጣሪያ ላይ ጧፍ ይዤ እግሬ እስኪያብጥ ቆምኩ። በማግስቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ባልንጀሮቼ ወደ ገሊላ ሲወጡ እኔ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከመሬት በታች 80 ሜትር ገደማ ወዳለው የባቡር ጣቢያ ወረድኩ። መድረሻዬ ረሆቮት ነበር፤ ከቴል አቪቭ በስተደቡብ ያለች፣ ድሮ በብርቱካኗ የታወቀች ከተማ። እዚያ ቂርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር እትዬ ይኖራሉ።

እትዬ የእናቴ ወዳጅ ናቸው፤ ቤተ እስራኤላዊት፣ ማለትም ኢትዮጵያዊት አይሁድ። ጎንደር ሳለን ከወለቃ እየመጡ ጀበናና ምጣድ ይሸጡልን ነበር። ሸጠው አይሄዱም፤ ደጃችን ላይ ተቀምጠው ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ይውላሉ። ቤት ግን አይገቡም፣ ቡናችንንም አይቀምሱም። በነሱ ሥርዓት ከሌላ እምነት ሰው ጋር መነካካት ያረክሳል፤ ሰዉም «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ጎረቤቶቻችን «ቡዳ» ናቸው እያሉ እሳቸው ሲመጡ ሕፃናቱን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እኔም ከተሸፈኑት አንዷ ነኝ።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት እትዬ መምጣት አቆሙ። እናቴ ሰው ብትልክ ቤታቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። በሌሊት ወደ ሱዳን መነሳታቸውን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። እናቴ «ሳትሰናበተኝ» የምትለውን ቃል እስክትሞት አልተወችውም። ለማንም ቢናገሩ እንደሚያዙ ታውቃለች፤ ግን ቅያሜ እንዲህ ያለውን አይሰማም።

እናም ሽሮና በርበሬ ይዤ ደረስኩ። ማታ ላይ፣ የፋሲካ ስሜቱ ገና ስላልለቀቀኝ፣ «ወጣ ብለን የሆነ ነገር እንብላ» ብዬ ግብዣ ጀመርኩ።

«ዛሬ ሁሉም ዝግ ነው፤ ዮም ሃሾአ ገብቷል» አለችኝ ልጃቸው።

«የሸዋ ቀን?»

እትዬ ከት ብለው ሳቁ። «እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። መጀመሪያ የመጣን ጊዜ፣ በመጤዎች ማረፊያው፣ ሁሉም ሰው ፊቱን አጥቁሮ ሾአ፣ ሾአ ሲል ሰማሁ። ሸዋ ደግሞ ምን ሆነ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ሱዳን ያየሁት ሳያንስ ሸዋም አልቆ እንደሆነ ብዬ።»

ሾአ በዕብራይስጥ ታላቅ ጥፋት ማለት ነው፤ ሌላው ዓለም ሆሎኮስት ይለዋል። ናዚዎችና አጋሮቻቸው ስድስት ሚሊዮን አይሁድን የፈጁበት። ከነዚህ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ልጆች ናቸው። የመታሰቢያው ቀን በዕብራውያን አቆጣጠር ኒሳን 27 ሲሆን፣ ፖላንድ ውስጥ በዋርሶ ጌቶ (ናዚዎች አጉረው ባስቀመጧቸው ሰፈር) የነበሩ አይሁድ በናዚዎች ላይ ካመጹበት ጊዜ ጋር እንዲቀራረብ ተብሎ የተመረጠ ነው። አመጹ የተነሳው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1943 ስለነበር እኔ በደረስኩበት ሳምንት ልክ 80 ዓመት ሞላው። በዋዜማው ማታ መዝናኛ ቤት ሁሉ በሕግ ይዘጋል። በቴሌቪዥን ከያድ ቫሼም፣ ኢየሩሳሌም ካለው የሾአ መታሰቢያ፣ ስድስት ችቦ ሲለኮስ አየን፤ የሚለኩሱት ከጭፍጨፋው የተረፉ ሰዎች ናቸው። እትዬ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ችቦው ሲበራ ቢላዋውን አስቀመጡ።

በማግስቱ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሄድን። ስድስተኛ ክፍል ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በዕብራይስጥ ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ማንነቴን ሲጠይቅ እትዬ ሳያመነቱ «ልጄ ናት» አሉ። ትናንት በነጠላ ከሳቸው ዓይን የተሸፈንኩት ልጅ።

ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆየሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ግድግዳ ማንበብ እወዳለሁ። በአንደኛው ወገን የቤተ እስራኤላውያን የስግድ በዓል ፎቶ ተደርድሯል፤ ጥምጥም ያሰሩ ቄሶች በጥላ ሥር ኦሪት ይዘው፣ ከሥራቸው ነጭ የለበሱ ልጆች ዳቦ ሲቆርሱ። ጎንደር ተራራ ላይ ይከበር የነበረው ስግድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ነው፤ ትምህርት ቤቱም በየዓመቱ ያከብረዋል። ፊት ለፊቱ የዋርሶ ልጆች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተለጥፏል። በመካከላቸው ያለው ስፋት ሁለት ክንድ ቢሆን ነው።

ግቢው ውስጥ ተማሪዎቹ ሁሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተሰልፈዋል። አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል እትዬ እጄን ያዙ። «አትደንግጪ፣ የሮኬቱ አይደለም። የሮኬቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይሄ ቀጥ ያለ ነው።» ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ። ሁለት ደቂቃ። ከአጥሩ ውጭ ባለው መንገድ መኪኖች ባሉበት ቆሙ፤ ሾፌሮቹ በር ከፍተው ወጥተው አንገታቸውን ደፉ። አንድ የአትክልት ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ሎሚው እየተንከባለለበት ዝም ብሎ ቆመ።

እኔ ለቅሶ የማውቀው በእሪታ ነው፤ ደረት ተመትቶ፣ ሙሾ ተወርዶ። ሳይረኑ ሲያበቃ ለእትዬ ይህንኑ ሹክ አልኳቸው፤ ሰው እንዴት እንዲህ ዝም ብሎ ያዝናል? «እኔ ሱዳን ተምሬዋለሁ» አሉኝ።

የልጅቷ ክፍል ስለ ያኑሽ ኮርቻክ አዘጋጅቶ ነበር፤ እናቷ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። የዋርሶ ሐኪም ነው፤ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ይመራ ነበር። በማሳደጊያው ልጆቹ የራሳቸው ጋዜጣና የራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ አስተማሪም ሊከሰስበት ይችላል፣ ኮርቻክ ራሱም ተከሷል። (እኔ ክፍል ውስጥ ይህ ቢፈቀድ ስንት መዝገብ እንደሚከፈትብኝ አሰብኩ፤ ግማሹ ትክክለኛ ክስ ነው የሚሆነው።) እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1942 ናዚዎች ልጆቹን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ራሱን የማዳን ዕድል ቀርቦለት ሳለ ትቷቸው አልሄደም፤ 200 ከሚያህሉት ልጆች ጋር ወደ ትሬብሊንካ የግድያ ካምፕ ተጓዘ። ማንም አልተመለሰም።

ቀጥሎ ከቡዳፔስት የተረፉ አንድ ሽማግሌ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት በስምንት ሳምንት ውስጥ ብቻ ከሃንጋሪ ከ400,000 በላይ አይሁድ ተጭነው ተወሰዱ፣ አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትዝ የግድያ ካምፕ። እሳቸውና እናታቸው በስዊድን ጥበቃ ሥር በነበረ ሕንፃ ውስጥ ተጨናንቀው ተረፉ። ብዙ አላብራሩም። አይሁድ እንዲያደርጉ የተገደዱት ቢጫ ኮከብ ኮታቸው ላይ ሲሰፋ እናታቸው ክሩን ሁለት ጊዜ መቁረጣቸውን፣ ብስክሌታቸውም መወሰዱን ተናገሩ።

ጥያቄ ካለ ሲባል አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣ። «ብስክሌትህን መለሱልህ?»

አስተማሪዎቹ ተሸማቀቁ። ሽማግሌው ግን ሳቁ፤ የዕለቱ ሳቅ ይህ ብቻ ነበር። «አልመለሱም። አሁንም አላውቅም፣ ብስክሌት መንዳት።»

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተን እትዬ ቡና አፈሉ። (አሁን አብረን እንጠጣለን።) ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጣች። በኢያር 28፣ ማለትም ከአንድ ወር በኋላ፣ ሌላ ዝክር አለ፤ ከኢትዮጵያ ተነስተው በሱዳን መንገድና በስደተኛ ጣቢያዎች የሞቱት ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ የሚታሰቡበት ቀን። ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። አስተማሪዋ ከየቤቱ ስም አምጡ ብላለች።

እትዬ ሁለት ልጆች ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኛ ጣቢያ ቀብረዋል፤ ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ናት። እሳቸው ስማቸውን አንስተው አያውቁም። እዚያ አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ እሪ ማለት አይቻልም ነበር።

ረጅም ጊዜ ሲኒውን አሽከረከሩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ስም ተናገሩ። ልጅቷ ጻፈች። ሁለተኛውን ተናገሩ፤ እሱ በ«ጨ» ይጀምራል። ዕብራይስጥ «ጨ» የለውም። ልጅቷ ብዕሯን ነክሳ አሰበች፣ በጻዴ (በነሱ «ጸ») ላይ ጭረት ጨምራ ጻፈችው፣ ጮክ ብላም አነበበችው።

«እሱማ ሌላ ሰው ነው» አሉ እትዬ።

ደግማ ሞከረች። አሁንም ሌላ ሰው ሆነ። በመጨረሻ ደብተሩን ወደኔ ገፋችው፣ ብዕሩን ሰጠችኝ፤ ከዕብራይስጡ ጎን በኛ ፊደል ጻፍኩት። እትዬ «መነጽሬን አምጡልኝ» አሉ።