ሁለት ባትሪ ከገዛሁ በኋላ የገባኝ ነገር

የመጀመሪያውን ባትሪ የቀየርኩት ሳያስፈልግ ነው። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን እየነዳሁ ክሩስኮቱ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት በራ። የባትሪ ምልክት ከበራ ባትሪ መግዛት ነዋ! ገዝቼ ገጠምኩ። መብራቱ ግን አልጠፋም። አዲሱ ባትሪ ሙሉ ስለነበር መኪናዋ ሁለት ቀን ያህል ደህና ሠራች። እኔም "መብራቱ ራሱ ነው የተበላሸው" ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ማታ የፊት መብራቶቹ እየደበዘዙ መጡ። ሬዲዮው ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩም ጸጥ አለ። መንገድ ዳር ቆሜ ባትሪውን የሸጠልኝን ሰው ስረግም አመሸሁ። በማግስቱ ሌላ ባትሪ ገዛሁ፤ ያውም ከሌላ ሰው።

የባትሪው ጥፋት አልነበረም። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው ቺንጋ፣ ያ የላስቲክ ቀበቶ፣ ላልቶ ይንሸራተት ነበር። ያ ቀይ ምልክት "ባትሪው ሞቷል" አላለኝም። "ባትሪው እየተሞላ አይደለም" ነው ያለኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ መኪናዋ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምራ ነግራኛለች። ጠዋት ስትነሳ፣ በተለይ የፊት መብራት ሳበራ፣ እንደ ቡችላ ትጮህ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ሬዲዮውን ከፍ።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት። መካኒክ አልሆንኩም፤ ልሆንም አላሰብኩም። ግን የመኪናዬ ሕመም የት አካባቢ እንደሆነ መጠርጠር ቻልኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ተራ ቴስተር ነው፤ ቮልት የሚለካው። ከባትሪና ከዲናሞ ጋር ያለኝን ጭቅጭቅ ሁሉ የጨረሰልኝ እሱ ነው። መኪናዋ ካደረች በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው ላይ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ እንደገና መለካት ነው። ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው መካከል ካሳየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ሞተሩ እየሠራም 12 ቁጥር ላይ ከቀረ ባትሪውን ሳይሆን ዲናሞውንና ቺንጋውን መጠርጠር ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ሁለት ባትሪ ያድናል።

ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ የማይነሳበትንም በዚያው ተማርኩት። ቶሎ ቶሎ "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" ካለ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ኃይል አንሷል። አንዴ ብቻ "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር፣ ወይም ወደሱ የሚሄደውን ሽቦ ጠርጥር። የፊት መብራት አብርቼ ቁልፉን አዞራለሁ። መብራቱ ድርግም ሊል ከደረሰ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ጫፎቹ በነጭ ዱቄት ተሸፍነው አልያዙም። መብራቱ እንደ ደመቀ ከቀረና ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው። አንድ ጊዜ የባትሪውን ጫፍ በእጄ ወዝወዝ ሳደርገው ላልቶ ኖሮ ዞረ። ጥብቅ አድርጌ አስሬው እስከ ዛሬ አለ።

የመብራቶቹን ቀለም ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብዬ ልለፈው። ቀይ ቁም ነው፣ ቢጫ ቶሎ አሳየኝ ነው፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወሬ ነው። ቀይ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ራሴ ተሳስቼበታለሁና።

ጫፏ ጠብ የሚል ማንቆርቆሪያ የምትመስለው ቀይ መብራት ዘይት አንሷል ማለት ይመስለኝ ነበር። እሷ የምታየው ግን የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። ግፊት ከሌለ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ክፍሎች አይደርስም። ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተር ሊበላ ይችላል። እሷ ስትበራ "እቤት ልድረስና" የሚባል ነገር የለም። ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ሜዳ ላይ፣ የዘይት መለኪያውን መዘዝ አድርጎ ማየት። የእኔዋ ኩርባ ላይ ስጠመዘዝ ብቻ ብልጭ ትል ነበር። ለካ ዘይቱ አንሶ ስለነበር ኩርባ ላይ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ፖምፓው አየር ይስባል። ዘይት ሞላሁ፣ ቀረች። ሞልቶም ብልጭ ብትል ኖሮ ግን መኪናዋን አስጎትት ነበር እንጂ አልነዳትም።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ አዙሩ። መብራቶቹ ሁሉ አንዴ መብራት አለባቸው፤ ራሳቸውን እየፈተሹ ነው። የሞተር ምልክቷ ወይም የኤርባጓ ጭራሽ ካልበራች አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሎ ወይም ሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ መኪና መብራት የሌለባት አይደለችም። በርቶ የሚጠፋባት ናት።

ሙቀት ላይ የሚያታልል ነገር አለ። መኪናዋ ግላ መርፌው ወደ ቀዩ ከሄደ በኋላ በድንገት ሊወርድ ይችላል። "ተመስገን፣ በረደች" ማለት ያምራል። ውሃው ከፈሰሰ ግን የሙቀት መለኪያው የሚነካው ውሃ አጥቶ አየር ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ የሚያሳየው ውሸት ነው። እኔ የማምነው ሌላ ምስክር ነው። የመኪናው ማሞቂያ። ሞተሩ ሞቆ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ካነፈሰ ውሃው ጎድሏል ማለት ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ በሙቀቱ አትንኩት። ውስጡ በግፊት ታምቆ ስለተያዘ ነው ከ100 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ የሚቆየው። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይወርድና ያ ሁሉ ውሃ በአንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። እጅ የሚያስቀምጥ እስኪሆን ጠብቁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት።

አሁን ወደ ቢጫዋ የሞተር ምልክት። ከሁሉም በላይ ያስለቀሰችኝ እሷ ናት።

ከመሪው በታች የመኪናዋ ኮምፒዩተር ያየው ችግር በኮድ የሚነበብበት ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። እዚያ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማንበቢያ ገዝቼ ከስልኬ ጋር አገናኘሁ። ፒ0171 የሚል ኮድ መጣ። ትርጉሙ ድብልቁ ውስጥ ለነዳጁ አየር በዝቷል ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። "የኦክስጅን ሴንሰር ቀይር" የሚል ሰው አገኘሁ። ቀየርኩ። አሮጌው አልፈታ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ክንዴን ጠብሶኝ ምልክቱ አሁንም አለ። ኮዱን አጠፋሁት። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ሴንሰሩ እኮ አየር በዝቷል ብሎ የመሰከረው ነው። እኔ ምስክሩን አስሬ ሌባውን ለቀቅኩት።

ታዲያ መቼ ነው የምትታመመው? ይህን ጥያቄ ቀደም ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ክንዴ ይተርፍ ነበር። ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች። መንገድ ላይ ስትፈጥን ምንም የላትም። ይህ ብቻ ብዙ ይናገራል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚስበው አየር ጥቂት ነው፤ በቀዳዳ ሾልኮ የሚገባ አየር ካለ ያን ጥቂት አየር ክፉኛ ያዛባዋል። ሲፈጥን ግን የሚስበው ብዙ ስለሆነ ያቺ ትርፍ አየር እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። ማንበቢያው ላይ ኮምፒዩተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ቆማ ስትሠራ 22 በመቶ ይላል። ነዳጅ ረግጬ የሞተሩን ዙር በደቂቃ 2500 ሳደርሰው ወደ 4 ወረደ። ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ኮፈኑን ከፈትኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ከቺንጋውና ከፋኑ ራቅ ብዬ፣ ክንድ የሚያህል የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ሌላውን ጫፍ እንደ ሐኪም ማዳመጫ በየቱቦው ላይ ማስኬድ ጀመርኩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ምንም አይሰማም። ወደ ኋላ በኩል፣ አንዲት ጣት የምታህል ጥቁር ቱቦ ታጥፋ የምትገባበት ጋ ስደርስ "ስስስስ" አለ። ከላይ ደህና ትመስላለች። ገልበጥ ሳደርጋት ከሥር፣ ልክ እጥፋቱ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ። በጣቴ ስደፍናት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ሳነሳ ተመለሰ። እንደገና ደፈንኩ፤ ለማረጋገጥ ሳይሆን ደስ ስላለኝ። ቱቦዋ ረዘም ያለች ስለነበረች የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ መልሼ ሰካኋት። ኮዱ ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ምልክቷ ቋሚ ሆና ከመብራት ይልቅ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ነዳጅ ከሚቃጠልባቸው ሲሊንደሮች አንዱ እየተኮሰ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጭስ ማውጫው ላይ ወዳለው ጭስ አጣሪ፣ ወደ ካታሊስቱ፣ ሄዶ እዚያ ይቃጠላል። እግርን ከነዳጅ አንስቶ መቆም ነው። ኮዱ ፒ0301 ካለ ቁጥር አንድ ሲሊንደር ነው። እዚህ ላይ የምወደው ዘዴ አለ። የቁጥር አንድን ቦቢና፣ ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን፣ ከቁጥር ሦስቱ ጋር አቀያይራለሁ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከሄደ ቦቢናው ነው፤ ተከትሎት ሄዷላ። እዚያው ከቀረ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች በተመሳሳይ መንገድ እሞክራለሁ። አሁንም ካልተነቃነቀ ወደ ጋራዥ እሄዳለሁ። ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራ ምርመራ ነው።

ነዳጅ ከቀዱ በኋላ ከበራች ደግሞ መጀመሪያ የነዳጅ ክዳኑን አጥብቁ። እንደ ጠበቀ አትጠፋም፤ ጥቂት ቀን ነድታችሁ ነው። አትሳቁ፣ እኔን ሰው ስቆብኛል።

ፍሬን ላይ የሠራሁት ስህተት ጸጥ ያለ ዓይነት ነው። ቀዩ የፍሬን ምልክት ኩርባ ላይ ብልጭ ይል ጀመር። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል። የፍሬን ዘይቱን ሳየው ከመስመሩ በታች ነው። ሞላሁት፣ መብራቱ ጠፋ፣ ረሳሁት። ያ ዘይት ግን የትም አልፈሰሰም ነበር። ዲስኩን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ሲሳሳ የሚገፉት ፒስተኖች ወደፊት ይወጣሉ፣ ዘይቱም እነሱን ተከትሎ ይወርዳል። መብራቱ "ሸራዬ አልቋል" ሲለኝ እኔ አፉን ዘጋሁት። ከወር በኋላ ስረግጥ "ክርርር" የሚል የብረት ድምፅ መጣ። ዲስኩ ተበልቷል። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ሲገፉ ደግሞ የሞላሁት ትርፍ ዘይት ገንፍሎ ወጣ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። አሁን ዘይቱ ሲወርድ መጀመሪያ በጎማው ክፍተት በኩል ሸራውን አያለሁ። ሸራው ወፍራም ሆኖ ዘይቱ ከወረደ ሌላ ቦታ እየፈሰሰ ነውና መኪናዋ አትነዳም።

እኔ የማልነካካው፣ ለጋራዥ የተውኩት ነገር አለ። ኤርባግ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የመሪ እግሮች፣ የነዳጅ ሽታ። ቤንዚን ሸተተኝ ካልኩ ቁልፍ አላዞርም።

የቀረው ማዳመጥና መጻፍ ነው። መሳቢያው ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አለች። መቼ፣ ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ በስንት ፍጥነት፣ ሲረገጥ ወይስ ሲለቀቅ። ለምሳሌ መሪው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ከተንቀጠቀጠ የጎማ ሚዛን ነው የምጠረጥረው። ፍሬን ስይዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩ። ከጎማ በኩል የሚመጣ "እምምም" ፍጥነት ሲጨምር ከጨመረና ስጠመዝዝ ከተለወጠ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ። መኪናዋ ካደረች በኋላ ከሥሯ ካርቶን አነጥፋለሁ። ንጹሕ ውሃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኤሲው ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ከሸተተ የራዲያተር ነው፤ እሱ መርዝ ስለሆነ እንስሳ ሳይልሰው ቶሎ ይጠረጋል።

በዚህ ሳምንት ደብተሯ ላይ አዲስ ነገር ገብቷል። ከፊት፣ በግራ በኩል፣ ጠዋት ብቻ፣ ጉብታ ላይ በዝግታ ሳልፍ አንዴ "ኳ" ይላል። ፍሬኑን ትንሽ ይዤ ሳልፍ ይጠፋል። ሬዲዮው ተዘግቷል። ነገ መስኮቱን ከፍቼ ያንኑ ጉብታ ደግሜ አልፈዋለሁ።