ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ፦ ዶክተር ዱም ጭንብሉን ያውልቅ ወይስ አያውልቅ

ከጥምቀት በኋላ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። የመንገዱ ነገር አሁን ስለማያስተማምን በአውሮፕላን ነው የሄድኩት፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው በቃ፣ በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ወርዶ ባጃጅ መያዝና ዘንባባዎቹ መሀል መግባት ነው። ጓደኛዬ ገበያው አካባቢ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ አለው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የማርቭልም ሆነ የዲሲ ፊልም ሲወጣ መጀመሪያ የምንደዋወለው እኔና እሱ ነን፣ በስልክ ስንከራከር ካርድ ያልቅና የቀረውን በቴክስት እንጨርሰዋለን። አሁን ደግሞ ከፊታችን ያለው ብዙ ነው፣ ሱፐርገርል ሰኔ 19፣ ስፓይደርማን ሐምሌ 24፣ ከዛ አዲሱ ዓመት ገብቶ ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 አቬንጀርስ ዱምስዴይ። ይሄን ሁሉ በስልክ አንችለውም፣ ና ተባልኩ፣ ሄድኩ።

የደረስኩ ቀን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ልጅ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጣና ፍላሹን አቀብሎ "ጋሼ ዱምስዴይ ገባ እንዴ?" አለው። ገና ታኅሣሥ ነው የሚወጣው ሲለው ልጁ ቅር አለውና "አይረን ማን ግን ከሞት ተነስቷል አይደል?" ብሎ ጠየቀ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። የዛን ቀንም የሚቀጥለውም ቀን ያወራነው ነገር ሁሉ ከዚህ ከልጁ ጥያቄ ነው የተነሳው ማለት እችላለሁ።

ልጁ አይፈረድበትም። ሐምሌ 2024 በፈረንጅ ሳን ዲዬጎ ኮሚክኮን ላይ አረንጓዴ ካባ የለበሰ ጭንብል ያጠለቀ ሰው መድረክ ላይ ወጣ፣ ጭንብሉን ሲያወልቅ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር፣ ከ2008 ጀምሮ ቶኒ ስታርክን፣ ማለትም አይረን ማንን ሆኖ ያሳደገን ሰውዬ፣ 2019 ላይ ኤንድጌም ውስጥ ሞቶ ያስለቀሰን ሰውዬ፣ አሁን ዶክተር ዱም ሆኖ መጣ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። እኔም ቪዲዮውን ሳየው ጮኬያለሁ፣ ዳውኒን እወደዋለሁ፣ ትወናው ላይ አንድም ጥርጣሬ የለኝም። የኔ ችግር ሌላ ነው። ዱም የሚባለው ካራክተር የራሱ ሰው ነው፣ ከቶኒ ስታርክ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፣ እና ፊልሙ የዳውኒን ፊት ተጠቅሞ ዱምን "ክፉው ቶኒ" ካደረገው ከ1962 ጀምሮ የተጻፈው የዛ ሰው ታሪክ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ለማያውቀው ልንገረው። ቪክተር ቮን ዱም ላትቬሪያ በሚባል የፈጠራ አገር ሮማ ከሚባሉት ዘላን ሕዝቦች የተወለደ ልጅ ነው፣ አባቱ መድኃኒት አዋቂ፣ እናቱ ጠንቋይ። እናቱ ሜፊስቶ ከሚባለው የማርቭል ሰይጣን ጋር ውል ገብታ ሞተች፣ ነፍሷ እዛው ሲኦል ቀረ። ልጁ አድጎ አሜሪካ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሞተችው እናቱ ጋር የሚያገናኝ ማሽን ሠራ፣ በኋላ የፋንታስቲክ ፎር መሪ የሚሆነው ሪድ ሪቻርድስ ስሌትህ ስህተት አለበት ቢለው አልሰማም፣ ማሽኑ ፈነዳ ፊቱ ተበላሸ። ጭንብሉ የመጣው ከዛ ነው። እንግዲህ ይሄንን ሰው 2005 ላይ በወጣው የፋንታስቲክ ፎር ፊልም ምን አደረጉት? ከቢዝነስ ድርድር የማይወጣ ባለሀብት አደረጉት፣ ተዋናዩ ጁሊያን ማክማን ይችል ነበር፣ ግን የተሰጠው ድርሰት ውስጥ እናትየው የለችም። 2015 ላይ ደግሞ ጭራሽ ባሰ። ስለዚህ ነው እኔ ስለ ካስቲንግ ሲወራ ቶሎ የማልረጋው።

ምሳ ጣና ዳር ዓሣ በላን፣ ቆሮሶው ሙሉውን ነው የሚጠበሰው፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ጨው ገብቶት ጅራቱ እስኪደርቅ ድረስ ይጠበሳል፣ ሎሚ ጨምቀህበት በዳጣ በእጅህ እየቦጨቅክ ነው፣ ክርክር ከፈለግክ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የጓደኛዬ ታናሽ እህት ከፔዳ ግቢ ክላስ ጨርሳ እዛው ተቀላቀለችን። እሷ የዳውኒ ወገን ናት። "ሰዉ ሁሌ እንዲህ ነው የሚለው ወንድሜ፣ ሂዝ ሌጀር ጆከር ይሆናል ሲባል ምን ተባለ? መልከ መልካም ልጅ ነው አይችልም ተባለ፣ በኋላ ኦስካሩን ከሞተ በኋላ ሰጡት።" እውነቷን ነው። ለ1989ኙ ፊልም ማይክል ኪተን ባትማን ይሆናል ሲባል ደግሞ 50,000 ገደማ የተቃውሞ ደብዳቤ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ጎርፏል ይባላል፣ ዛሬ የሱ ባትማን ክላሲክ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሌጀርም ኪተንም ሲመጡ ከጀርባቸው ሌላ የጀግና ፊት ይዘው አልመጡም። ዳውኒ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ የምለው ጭንብሉን አያውልቅ ነው፣ አንዴም። ካርል አርበን 2012 ላይ ጀጅ ድሬድን ሲሠራ ሄልሜቱን ከፊቱ ላይ ሳያነሳ ፊልሙን በአገጩና በድምፁ ብቻ ጨርሶታል፣ ዳውኒ ያቅተዋል? በፍጹም አያቅተውም።

"እና ያን ሁሉ ብር ከፍለው ፊቱን ሊደብቁት ነው?" አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ አሁንም በቂ መልስ የለኝም፣ ስቱዲዮ ስቱዲዮ ነው።

ከዛ ነገሩ ወደ ቲቻላ፣ ዋካንዳ የሚባለው የፈጠራ አፍሪካዊ አገር ንጉሥ ወደሆነው ብላክ ፓንተር ዞረ፣ እዚህ ጋ ነው ድምፃችን ከፍ ያለው። ቻድዊክ ቦዝማን ነሐሴ 2020 በአንጀት ካንሰር በ43 ዓመቱ ሲያርፍ ማርቭል ቲቻላን በሌላ ተዋናይ አንተካም አለ፣ 2022 ላይ በወጣው ዋካንዳ ፎረቨር ንጉሡም አብሮ ሞተ፣ ጭንብሉን እህቱ ሹሪ ወሰደች። እኔ መተካት ነበረበት ባይ ነኝ። ሱፐርማንን 1978 ላይ ክሪስቶፈር ሪቭ ሆነው፣ 2013 ላይ ሄንሪ ካቪል፣ 2025 ላይ ዴቪድ ኮረንስዌት፣ ለየትውልዱ አዲስ ፊት። ለነጩ ጀግና ይሄ ከተፈቀደ ከ1966 ጀምሮ ለቆመው አፍሪካዊ ንጉሥ ለምን ይከለከላል? የኮሚኩን ካርታ ካየን እኮ ዋካንዳ አንዳንዴ በቱርካና ሐይቅ ሰሜን ጫፍ ላይ ነው የሚሳለው፣ ኦሞ ወንዝ የሚገባበት፣ ደጃፋችን።

እሷ ዓሣውን ትታ እጇን ጠረገች። "ሰውየው ኬሞ እየወሰደ፣ በኦፕሬሽንና በኦፕሬሽን መሀል፣ ለማንም ሳይናገር ነው የሠራው። አንተ እሱን አይተህ በሚቀጥለው ፊልም ሌላ ሰው ያንን ልብስ ለብሶ ሲቆም ትችላለህ? እኔ አልችልም።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዝም አልኩ፣ ምን ይባላል፣ ልክ ናት እኮ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ ዘጌ በጀልባ ተነሳን፣ ጠዋት ነው የሚሻለው ከሰዓት ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ሞተሩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ስለ ቲቻላ የቀረውን ክርክር እየጮህን ነበር የምንቀጥለው፣ ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ዞር ብለው ያዩናል። ጀልባውን የሚነዱት ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ቆይተው "ልጆች፣ ሰውየው ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ንጉሡንስ ማን ገደለው?" አሉ። እህትየው "እነሱ ናቸው የገደሉት፣ ለሰውየው ክብር ብለው" አለቻቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና "አልጋው ባዶ ከቀረ ምኑ ላይ ነው ክብሩ" አሉ፣ ከዛ ሞተሩ ላይ አተኮሩ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እሷ ግን "ሹሪ አለች አይደል፣ ባዶ ማን አለዎት" ብላ መለሰችላቸው፣ ይሄም ያስኬዳል።

ዘጌ ወርዳችሁ በቡና ጫካው መሀል ትንሽ ስትወጡ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ታገኛላችሁ፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሴትም ወንድም ይገባል፣ ጫማ አውልቃችሁ። የመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አባ በዘንግ እየጠቆሙ ያስረዳሉ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ዘንዶው ከታች፣ እርካቡን የያዘው በአውራ ጣቱ ብቻ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ካላያችሁ ያመልጣችኋል። እኔ እዛ ቆሜ ያሰብኩት ስንት ሠዓሊ ስንት ቦታ ጊዮርጊስን ስሎታል ነው፣ ፊቱ በየቦታው ይለያያል፣ ግን አንድም ሰው ይሄ ማነው ብሎ አይጠይቅም፣ ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ዘንዶው ይነግርሃል። ቲቻላም እንደዛ መሆን ይችል ነበር ነው የምለው፣ ይሄንን ለእህትየው በሹክሹክታ ነገርኳት፣ "ቅዱስና ፊልም አታወዳድር" ብላ ገሰጸችኝ።

ከዛ አባ የሥዕሉን ሥርዓት ነገሩን፣ ጻድቅ ሲሳል ሙሉ ፊቱ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል፣ ክፉ ሲሆን በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ጓደኛዬ እስከዛ ብዙ አልተናገረም ነበር፣ ይሄን ሲሰማ ክንዴን ያዘኝ። "ዱም ራሱን ቢስል በጎን አይስልም" አለኝ። "ጭንብሉን እየው፣ ፊት ለፊት ነው፣ ሁለቱም ዓይን ይታያል። ራሱን እንደ ክፉ አያየውም፣ ዓለምን የማድነው እኔ ብቻ ነኝ ነው የሚለው።" ስለ ዱም ብዙ አንብቤያለሁ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ገለጻ ግን አላስታውስም። ዳውኒ ይሄን ከተጫወተው፣ ሳይጮህ ሳይስቅ፣ ልክ እንደሆነ እርግጠኛ የሆነ ሰውዬ አድርጎ ከመጣ፣ እኔ ተቃውሞዬን በግማሽ አነሳለሁ።

የበላዔ ሰብእ ሥዕል ጋ ስንደርስ አባ ታሪኩን በአጭሩ ተረኩት፣ 78 ሰው የበላው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ በሷ የዳነው፣ ሚዛኑ ላይ ጥላዋን ጣል ያደረገችለት። ይሄን ሁላችንም ከልጅነት እናውቀዋለን። እህትየው ግን ወጥተን ጫማ እያሰርን "የዱም እናት በመጨረሻ ዳነች እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እና የ1989ኙን ኮሚክ ነገርኳት፣ ዱም ከዶክተር ስትሬንጅ ጋር ሲኦል ድረስ ወርዶ እናቱን ለማስፈታት ስትሬንጅን ለሜፊስቶ አሳልፎ የሚሰጥ ይመስላል፣ እናትየው በንጹሕ ሰው ነፍስ ተለውጬ አልወጣም ትላለች፣ ልጇን ትጸየፈዋለች፣ እና በዛ እምቢታዋ ነፍሷ ነፃ ይወጣል። ዱም ይሄን ሁሉ ቀድሞ አስቦበት ነበር። እናቱን አዳናት፣ እሷ ግን ጠልታው ሄደች። እህትየው ጫማዋን ማሰር አቁማ ሰማችኝ።

"ይሄ ፊልሙ ውስጥ አለ?"

ምን እንደጻፉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው አልኳት። ዳይሬክተሮቹ ሩሶ ወንድማማቾች ናቸው፣ ትልቅ ፊልም መምራት ይችላሉ፣ መጋቢት 2025 የተዋናዮቹ ስም የተጻፈበትን የወንበር ጀርባ አንድ በአንድ እያሳዩ ሲያሳውቁ ከ5 ሰዓት በላይ ነው የፈጀው፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ሌቲሺያ ራይትም ዊንስተን ዱክም አሉበት፣ የድሮዎቹ ኤክስመኖች ፓትሪክ ስቱዋርትና ኢያን ማኬለንም አሉበት። የኔ ስጋት እዚህ ነው፣ ከዛ ሁሉ ወንበር መሀል ለአንዲት ዘላን ሴት ለዱም እናት አሥር ደቂቃ ይተርፋት ይሆን?

መልስ ላይ ነፋሱ ተነስቶ ነበር፣ ጀልባው ይዘላል፣ ውኃው ይረጨናል፣ ጓደኛዬ እዛ መሀል ሆኖ የኤክስመኗን ጀግና ስቶርምን ለተዋናይዋ ለሩት ኔጋ ነው የምሰጣት ይላል። አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ አይሪሽ፣ ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ የሚባለው የማርቭል ተከታታይ ላይ ሬይናን ሆና የሠራችው፣ አበባ ያለበት ቀሚስ የምትለብሰው። ስቶርም እናቷ ኬንያዊ ናት፣ ጠቆር ያለች ተዋናይ ትሁን የሚሉ ፋኖች አሉ፣ እኔም በነሱ ነኝ፣ ግን ሩትን የሆነ ትልቅ ሮል ይስጧት በሚለው ሦስታችንም ተስማምተናል፣ ሁለት ቀን ሙሉ የተስማማንበት ብቸኛ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ ላይ ከሆነላቸው አዲስ አበባ መጥተው አብረን ሲኒማ እንገባለን ብለናል። እስከዛ ጓደኛዬ የ1989ኙን ኮሚክ ፈልጎ ለዛ ዩኒፎርም ለለበሰው ልጅ ፍላሹ ላይ ሊጭንለት ነው፣ እህትየው ደግሞ ልጁ እንግሊዝኛው ከከበደው ቁጭ ብላ ልታነብለት ቃል ገብታለች፣ ቲቻላ ላይ ግን አንዲት ስንዝር አልሄድም ብላኛለች።