ደጋ ላይ ጨቅላ ማትረፍ፦ እኛ ጤና ጣቢያ ያደረግነው

ሚድዋይፍ ነኝ። የምሠራው ደቡብ ወሎ፣ ነሐሴ ላይ በቀትር እንኳ ጋቢ የማይወልቅበት ደጋ ነው። ስመደብ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ስለጎደለው ዕቃ ነበር። የሚገርመው ግን ዕቃው አለ። አምቡ ባጉ (አልተነፍስ ላለ ልጅ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው) ከነማስኩ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ቁልፉ የንብረት ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ማታ ቤቱ ይተኛል። ልጅ የሚወለደው በሥራ ሰዓት ብቻ ይመስል!

ሲወለድ ያልተነፈሰ ልጅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወይ ራሱ መተንፈስ አለበት፣ ወይ እኛ አየር መስጠት መጀመር አለብን። ቁልፍ ፍለጋ የሚሮጥበት ጊዜ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ሞዴል 22 የሚባለውን የንብረት ወጪ ቅጽ አስሞልቶ ዕቃውን በስሜ ማውጣት ነው። "ቢጠፋ ከደመወዝሽ ይቆረጣል" ተባልኩ። ይቆረጥ አልኩ። አሁን አምቡ ባጉ፣ 0 እና 1 ቁጥር ማስኩና መምጠጫው ማዋለጃ አልጋው አጠገብ ናቸው። ተረኛ ሲቀያየር ተረካቢው በእጁ ጨምቆ አየር መስጠቱን ያያል። መዝገብ ላይ "አለ" ብሎ መፈረም ቀርቷል።

እጅ ካልለመደ ደግሞ ዕቃ ብቻውን ምን ይሠራል? ውሃ የሚሞላ የማሠልጠኛ አሻንጉሊት ነበረን፣ ከሥልጠና መልስ ካርቶኑ ውስጥ የቀረ። እሱን አወጣንና ሥራ ቀለል ሲል መለማመድ ጀመርን። ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ ካልተነፈሰ አንገቱን በትንሹ ቀና አድርጎ ማስኩን መግጠምና በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል አየር መስጠት። ደረቱ ከፍ ካላለ አየሩ አልገባም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወይ ማስኩ አልገጠመም ወይ አንገቱ ታጥፏል። በእግሩ ዘቅዝቆ መምታት የለም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉም ያደከመኝ ብርዱ ነው። የማዋለጃ ክፍል 25 ዲግሪ ይሁን ይባላል። የእኛ ጧት ላይ የት ደርሶ! ማሞቂያው መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ይጠፋል። ቤተሰብ በቅንነት ከሰል አቀጣጥሎ ሊያስገባ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ በጋዙ እናትና ልጅ ስለሚጨርስ ከለከልን። ምትኩ የእናት ደረት ነው። ልጁን በአንድ ጨርቅ አድርቀን እርጥቡን እንጥላለን፣ ራቁቱን ደረቷ ላይ አስተኝተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ እንሸፍናለን፣ ኮፍያ እናደርግለታለን።

ለኮፍያ በጀት ስጠይቅ "ኮፍያ መድኃኒት ነው እንዴ?" ያለኝ ኃላፊ ነበር። እኔም የአገሪቱን የጤና ጥናት ቁጥር ይዤ ሄድኩ፦ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከ1000 ከ67 ወደ 59 ሲወርድ፣ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ29 ወደ 33 ወጡ። በጀቱ አሁንም አልመጣም። እናቶቹ ለእርግዝና ክትትል ሲመጡ ኮፍያና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጁ እንላቸዋለን፣ ያዘጋጃሉ።

ከበጀቱ ይልቅ አያቶቹ ይከብዳሉ።

"ልጄ፣ ሳታጥቢው ልታሳቅፊያት ነው?"

"እማማ፣ ነገ በዚህ ሰዓት እርስዎ ራስዎ ያጥቡታል። ዛሬ ግን እግሩን እየነኩ ይጠብቁልኝ፣ ከቀዘቀዘ ይጥሩኝ።"

ይቺ ዘዴ ሠራች። ማታ ብቻዬን ነኝ፣ ሌላዋ አምጣ "ማርያም ማርያም" እያለች (እኛ ጋ ሙስሊሟም እንዲሁ ነው) እሷ ጋ ስሮጥ እማማ እግሩን ይዘው ነቅተው ያድራሉ። ሥራ የተሰጠው ሰው አይከራከርም። እንገሩን አልቦ መድፋትና ቅቤ ማላሱም እንዲሁ በነሱ በኩል ቀነሰ። "ጥጃ ያለ እንገር ያድጋል?" ስላቸው ከኔ በላይ ያውቁታል።

ከ2500 ግራም በታች ለሆኑት ደረት ላይ ማቆየቱ ቀንም ሌሊትም ነው። እናት ስትደክም አባት ይተካል፤ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ በኋላ አልመልስም ይላሉ። ወደ ደሴ ሪፈር ስንልም ልጁ አምቡላንስ ውስጥ ደረት ላይ ነው። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ የመጀመሪያውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን፣ ወግተን፣ ደውለን ነው የምንልከው።

አሁን የሚያስቸግረኝ ዝውውር ነው። አንዱ እጁ ሲፈታ ይቀየራል፣ ሌላ አዲስ ይመጣል። አሻንጉሊቱ ላይ በደንብ ሳይሠራ ማታ ብቻውን ተረኛ የሚሆን የለም። ይህን ኃላፊው በደብዳቤ እንዲያጸድቀው አድርጌያለሁ፣ እኔም ስቀየር እንዳይቀር።